ሃይላንዱ ባለቤት ነበረው

«ልጄ፣ ምን በደልኳችሁ?»

እንዲህ ያሉኝ አባባ ናቸው። የግቢያችን የሌሊት ጥበቃ። ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም፤ ለትልቁም ለትንሹም አባባ ናቸው። ከሥራ አምሽቼ ስገባ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። በዱላቸው ጫፍ ወደ ሰማያዊው በርሜል ጠቆሙኝ። በርሜሉን ያቆምነው እኛ ነን፣ የግቢው ኮሚቴ። «ሃይላንድ ብቻ» ብለን በነጭ ቀለም ጽፈንበታል። ክዳኑ ላይ ቁልፍ አስገብተንለታል። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«የልጅ ልጄን ደብተር የምገዛው ከሱ ነበር» አሉ። ከዚህ በላይ አልተናገሩም። «በይ ደህና እደሪ» ብለውኝ ወደ ጥበቃ ቤታቸው ገቡ።

ያን ማታ እራት አልወረደልኝም። ሁለት ወር ስብሰባ ተቀምጠን፣ ብር አዋጥተን፣ በርሜል ቀብተን የጀመርነው ሥራ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ እንደነጠቀ ያወቅኩት ገና ያኔ ነው።

ዛሬ ስለ ግቢያችን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። «እንዴት አድርጋችሁ ነው ቆሻሻ መለየት የለመዳችሁት? እኛ ጋ ሞክረን አልሆነም» ይሉኛል። እኛም ጋ በመጀመሪያው አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ሳልናገር እንዴት እንደሆነ ብናገር ለማንም አይጠቅምም።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአያት አለፍ ብሎ፣ ከተማው ወደ ለገጣፎ ሊሻገር ሲል። የእኛ ግቢ ሦስት ብሎክ ነው፣ እያንዳንዱ አራት ፎቅ። ሊፍት የለም። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ማታ ማታ ጅብ ይጮሃል፣ አንዳንዴም ገንዳው ድረስ ይመጣል። ገሚሱ ነዋሪ ባለቤት ነው፣ ገሚሱ ተከራይ። ተከራዩ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቆሻሻችን የሚሄድበት መንገድ የማንኛውም የአዲስ አበባ ግቢ ዓይነት ነበር። እያንዳንዱ ቤት ልጣጩንም፣ ጠርሙሱንም፣ ዳይፐሩንም አንድ ፌስታል ውስጥ ይከትና ያስራል። ከደረጃው ሥር ያስቀምጣል። በሳምንት ሁለት ቀን የጽዳት ማህበሩ ሴቶች ማዳበሪያቸውንና ጋሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እየሰበሰቡ ወደ ገንዳው ይወስዳሉ። ገንዳውን መኪና ያነሳዋል። ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ስለሚቆረጥ ማንም አያስበውም። መኪናው ሲቀር ግን ሁሉም ያስበዋል። በክረምት አንድ ሳምንት ከቀረ አንደኛ ፎቅ ያሉ ሰዎች መስኮት መክፈት ይተዋሉ።

እኔን ግን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ሽታው አይደለም። ቆሼ ነው፣ የከተማው ትልቁ የቆሻሻ መጣያ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የነበሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ እሑድ ጠዋት ነው የሰማሁት። ከተማው ከ50 ዓመት በላይ የጣለው ሁሉ ተራራ ሆኖ ሰው ላይ ወረደ። እዚያ ተራራ ውስጥ የእኔም እናት ቤት ልጣጭ አለ። የእኔም የተማሪነት ፌስታል አለ። ይህን ሐሳብ ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2008፣ የከተማው ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። ሰንዳፋ በእኛ በኩል ነው፣ በደሴው መንገድ። ጥቂት ወራት ብቻ ሠራ። የአካባቢው አርሶ አደሮች «ውሃችንንና ከብቶቻችንን በከለብን» ብለው ተቃወሙ፤ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በዓመቱ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከግቢ የወጣ ፌስታል ጠፍቶ አይቀርም። አንድ ሰው ደጅ ላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ ኮሚቴ ስንሆን መጀመሪያ ያነሳሁት ሐሳብ ይህ ነበር፤ እንለይ። ሁሉም እሺ አለ። በዚህ ጎረቤቶቼን አመሰግናለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት በርሜል እሰጣችኋለሁ ብሎን ነበር፣ ሳያመጣ ቀረ። አዋጥተን ሦስት በርሜል ገዛን። ሰማያዊ ለሃይላንድ፣ አረንጓዴ ለሚበሰብስ፣ ጥቁር ለቀረው። በየደረጃው ማስታወቂያ ለጠፍን። በርሜሎቹን በሩ አጠገብ አቆምናቸው፣ ሰው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። በሦስተኛው አረንጓዴው በርሜል ውስጥ ዳይፐር ገባ። በአራተኛው ሰማያዊው ባዶ ሆነ። ከዘጠና ቤት በሳምንት አንድ ሃይላንድ አይወጣም? የማይመስል ነገር ነው። ሰዉ ስንፍና የያዘው መሰለኝ። በስብሰባ ላይ ስለ ንቃተ ህሊና ተናገርኩ። ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፍ አልኩ። ያኔ ነው አባባ በሩ ላይ የጠበቁኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ማስታወቂያውን ተውኩትና ሃይላንዱ የት እንደሚሄድ ለማየት ግቢ ውስጥ ዋልኩ። በአንድ ቀን ያየሁትን በሁለት ወር ስብሰባ አላየሁትም።

አራተኛ ፎቅ ያለች የቤት ሠራተኛ በረንዳ ላይ አንድ ኬሻ ሙሉ ሃይላንድ አጠራቅማለች። የቤቱ እመቤት ታውቃለች፤ «የሷ ነው» አለችኝ። የቀኑ ጥበቃ ከደረጃ ሥር ካሉት ፌስታሎች መርጦ ያወጣል። አባባ ሌሊት ላይ የቀረውን ይለቅማሉ። የማህበሩ ሴቶች እነሱ ያላገኙትን ከገንዳው አጠገብ ይለያሉ። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ አለ። ከሁሉም የሚገዛው እሱ ነው። ግቢ እንዳይገባ የከለከልነው እኛ ነን። ከዓመታት በፊት ከገመድ ላይ ልብስ ስለጠፋ። እሱ መውሰዱን ያየ ሰው አልነበረም።

እኛ የጀመርነው መስሎን ነበር። ግቢያችን ውስጥ ግን መለየቱ ከእኛ በፊት ነበረ። የተማረ ሠራተኛ፣ የታወቀ ገዢ፣ የታወቀ ሰዓት ነበረው። ያላየነው በርሜል ስላልነበረው ነው። እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር ቁልፉ ብቻ ነበር።

ሳስበው ደግሞ ይህ ሀገር በዚህ ሥራ ማንም አይቀድመውም። ባዶ ጀሪካን የጣለ ሰው አይቼ አላውቅም። ከጎማ በረባሶ ተሠርቶ ስንት ሰው ተጫምቶታል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ ቆርቆሮ ሌላ ዕቃ ሲሆን ታያላችሁ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ገንዳ ውስጥ የማይገኘው ለምንድን ነው? መያዣ አለዋ! ሱቅ ስትመልሱት ገንዘብ ነው። እንጀራ ደግሞ ማን ይጥላል? ፍርፍር ይሆናል፣ ድርቆሽ ይሆናል። ዋጋ ያለውን ነገር መጣል እኛ ጋ ልማድ አልነበረም። ፌስታሉና ፎቁ ናቸው ያስለመዱን።

በሚቀጥለው እሑድ ቁልፉን ከፈትኩ። የግቢው የጋራ ቤት፣ ኮሚናሉ ውስጥ ቡና ተፈላ። በዚያ ቀን የጠራነው ነዋሪውን አልነበረም። አባባን፣ የቀኑን ጥበቃ፣ ከማህበሩ ሁለት ሴቶች፣ ከአራተኛ ፎቅ ያችን ልጅ፣ ቁራሌውንም ጠራን። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ጥበቃው እጁን ይዞ አስገባው። ይቅርታ ጠየቅን። ከኮሚቴው አንድ ሰው ቅር ብሎት ነበር፣ ግን ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እሱም ዝም ብሎ ማድመጥ ጀመረ።

ያን ቀን የተማርኩትን ከየትም አላገኘውም ነበር። ከማህበሩ ሴቶች አንዷ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የሚደርስ ጠባሳ። «የተሰበረ ብርጭቆ ነው» አለች። «ፌስታል ውስጥ አይታይም። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ብርጭቆውን ለብቻ ጠቅልሉልኝ።» ይህንን በማስታወቂያችን ላይ አልጻፍነውም ነበር። አሁን የግቢያችን የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው። የተሰበረ ነገር በጋዜጣ ወይም በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር ታስሮ፣ ለብቻው ይቀመጣል።

ቁራሌው ደግሞ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ አንድ በአንድ ነገረን። ሃይላንድ ባዶ ሆኖ ተጨፍልቆ። ቆርቆሮ ጣሳ ታጥቦ። ካርቶን ደርቆና ተዘርግቶ። ካርቶን በዝናብ ከራሰ ወይም ዘይት ከነካው ዋጋ የለውም። ወረቀት ፋብሪካ ላይ በውሃ ተቦክቶ ነው እንደገና የሚሠራው፤ ዘይቱ አይለቅም። የጁስ ፓኮ ማንም አይገዛውም፤ ወረቀት፣ ፕላስቲክና አሉሚኒየም አንድ ላይ ተጣብቆ ነው የተሠራው። የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክም እንደዚያው።

ከዚያ ተስማማን። ስምምነቱ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የሚጠራቀም ሃይላንድ የሠራተኛዋ ነው፣ ቤቱ ከፈቀደ። ከደረጃው የሚወርደው የሁለቱ ጥበቃዎች ነው። ቆርቆሮና ብረት የማህበሩ ሴቶች። ካርቶንና ወረቀት የግቢው፤ ለደረጃ አምፖል። ሁሉንም የሚገዛው ቁራሌው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ገብቶ፣ ሚዛኑን አስቀምጦ፣ በሁሉም ፊት ይመዝናል።

ቀሪው የአሠራር ጉዳይ ነው። እዚህም ተሳስተን ነበር።

አንደኛ፣ በርሜሉ ሩቅ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ አንድ እጅ ሕፃን፣ አንድ እጅ ፌስታል ይዞ የሚወርድ ሰው በር ድረስ ሄዶ ሦስት በርሜል ፊት ቆሞ አያስብም። ስለዚህ በየፎቁ መተላለፊያ፣ ከደረጃው መደገፊያ ላይ፣ አንድ ማዳበሪያ አሰርን። ከቤቱ በር ሦስት እርምጃ። የሚሸጥ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ተደበላልቆ። መለየቱን ታች ያሉት ከእኛ በላይ ይችሉበታል። ቅዳሜ ልጆቹ ያወርዱታል። ከዚህ ለውጥ በኋላ ሌላ ስብሰባ አላስፈለገንም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ከባድ ነበር። «የሚበሰብስ» እና «የማይበሰብስ» ብለን ነበር የጻፍነው። አጥንት የቱ ጋ ነው? ዳይፐርስ? በሕጉ ቋንቋ ደግሞ ልጣጩም ትራፊውም «ደረቅ ቆሻሻ» ነው የሚባለው፤ ሰዉ በዚህም ይምታታል። አሁን ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለን፦ የሚሸጥ፣ የሚበሰብስ፣ የሚጣል። «የሚሸጥ» ስትሉት እናቴም፣ የስድስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ጽሑፉንም ቀነስን። አንድ ጣውላ ላይ ሃይላንዱን፣ ጣሳውን፣ ቁራጭ ካርቶኑን ራሱን በሽቦ አሰርን። ማንበብ አያስፈልግም።

ስለ ተከራዮች እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አዲስ ሰው ሲገባ ማስታወቂያ አይነግረውም። ሰው ነው የሚነግረው። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ያለው ቤት ቡና ይጠራዋል። ቤት ሲገቡ መጠራራት ድሮም ያለ ነው። አሁን ግን ሲወጣ ባዶ ማዳበሪያና ሦስቱን ቃላት ይዞ ይወጣል።

ከሁሉ የከበደን የሚበሰብሰው ነው። የአዲስ አበባ ቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የምግብ ነገር ነው፤ ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ። በበዓል ቄጤማ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ አየር በማያገኝበት ክምር ሲቀበር ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ በእሳት የሚያያዝ። እዚያው ቆሼ ጋ፣ በረጲ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ተመርቋል። ግን እርጥብ ልጣጭ በደንብ አይነድም፤ ሙቀቱን ውሃውን በማድረቅ ይጨርሳል። ይህ ነገር ቤቱ አፈር ነው።

የመጀመሪያው ጉድጓዳችን ሸተተ። በጣም ሸተተ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ለሦስት ቀን ሰላምታ ነሱኝ፣ እውነታቸውን ነው። ያዳነን ጋሼ ነው። ጋሼ በጡረታ ላይ ያሉ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጉድጓዱን አይተው «ታፍኗል» አሉ። «ይህ ነገር ይተነፍሳል። እርጥቡ በዛ፣ ደረቁ አነሰ።» ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ በኬሻ አመጣን። ደረቅ ቅጠልና የደረቀ ቄጤማ ጨመርን። አንድ ንብርብር ልጣጭ፣ በላዩ ደረቅ ነገር። ጉድጓዱን ትተን በጣውላ፣ ከመሬት በላይ፣ ክፍተት ባለው ሳጥን አደረግነው። በሳምንት አንዴ በአካፋ ይገለበጣል። ሥጋና አጥንት አይገባበትም፣ ውሻና ጅብ እንዳይጠራ። በክረምት ሸራ ይለብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስ አናበዛበትም።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ አንድ ፌሮ ብረት መሐሉ ላይ ሰክተው ቆዩና አወጡት። «ንኪው» አሉኝ። ያቃጥላል። ውስጡ የሚሠሩት ደቃቅ ነፍሳት ናቸው ያሞቁት። ልጆቹ ተሰልፈው ነኩት። ከሦስት ወር በኋላ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት አፈር አወጣን። የግቢያችን መሬት የግንባታ ፍርስራሽና ጠጠር ነው፤ ሳር እንኳ ተቸግሮ ነበር የሚበቅልበት። አሁን ጎመንና ቆስጣ አለበት። እትዬ የመጀመሪያውን ጎመን ቆርጠው በሰሃን ይዘውልኝ መጡ። ታረቅን።

ጋሼ ከልጆቹ ጋር ሌላም ነገር ያደርጋሉ፣ ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ከሃይላንድ ጠርሙስ ላይ ቁራጭ ይቆርጣሉ፣ ከክዳኑም ቁራጭ። ሁለቱንም ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። የጠርሙሱ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለት የተለያዩ ፕላስቲኮች ናቸው። ፋብሪካዎችም ከፈጩት በኋላ በውሃ ነው የሚለዩአቸው። የሰመጠው ታጥቦ ቀልጦ ክር ይሆናል፣ ትራስ መሙያም ይሆናል። ልጆቹ ዕቃ ገልብጠው ሥሩ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ማንበብ ለምደዋል። 1 ቁጥር ሃይላንድ ነው። አሁን እናቶቻቸውን የሚያርሙት እነሱ ናቸው።

ሁሉም አልተፈታም። ዳይፐሩ አለ። የብስኩቱ ላስቲክ አለ። ፌስታሉ አለ። ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅም ክልክል ነበር፤ ግን ስንት ዓመት በየሱቁ ኖረ። በ2017 የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል። እኔ ዘንቢል ይዤ ገበያ መሄድ ከጀመርኩ ቆየሁ። እናቴ ድሮም በዘንቢል ነበር የምትገበያየው። አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ማዳበሪያው ሞልቶ የሚያወርደው ይጠፋል። ፈተና ሲደርስ ልጆቹ ይቀራሉ፣ ያኔ እኛ እናወርዳለን። የሃይላንድ ዋጋ ሲወርድ ቁራሌው ያዝናል፣ አባባም ያዝናሉ። ይህ ከእኛ እጅ ውጪ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ደረጃ ላይ ነበርኩ። «ቁራሌው!» የሚለው ድምፅ ከውስጥ፣ ከግቢው መሐል ነው የሚመጣው። ሁለተኛ ፎቅ የገባ አዲስ ተከራይ አለ፣ ወጣት ልጅ፣ ሥራ ቀን በሌሊት የሚወጣ። በእጁ የሻምፖ ዕቃ ይዞ ጣውላው ፊት ቆሟል። እንደሱ ያለ ነገር በሽቦ አልታሰረም። አባባ ኬሻቸውን እየጎተቱ በዚያ ያልፋሉ።

«አባባ፣ ይሄ የት ነው የሚገባው?» አላቸው።

ተቀበሉት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሥሩን ገልብጠው አዩ። የልጅ ልጃቸው ናት ቁጥሩን ያስተማረቻቸው።

«2 ነው» አሉ። «ይሄ የኔ ነው፣ አምጣው።»